ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዙር

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ እትዬ መቶ ናት። ወደ ትራንስፎርመር ፋብሪካው መጥቶ በስሟ የጠየቀ እንግዳ ቢኖር፣ ዘበኛው ጥቂት አሰብ ያደርግና «እንዲህ የምትባል ሴት እንኳ እዚህ የለችም» ብሎ ይሸኘዋል። እሷ ግን በቅጽል ስሙ ቅር ብሏት አያውቅም። «ከዜሮ ይሻላል» ትላለች።

መቶ ያሏት ከመቶ በላይ ስለማትቆጥር ነው። አትሳቁ! ዛሬማ ሚሊዮንም ቁጠሪ ብትሏት ትቆጥራለች። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወረቀት ቆራጭ ሆና ስትቀጠር ግን እውነትም ከመቶ ወዲያ ያለው አገር ለሷ ጨለማ ነበር። ሥራዋ በሽቦ ንብርብር መሀል የሚገባውን ወረቀት በልኩ መቁረጥ ነው። እየቆረጠች ግን ዓይኗ ሽቦ ከሚጠቀልሉት ሠራተኞች፣ ከጠቅላዮቹ ላይ አይነቀልም። ሽቦው ከተጠቀለለበት መንኮራኩር እየተፈታ፣ ዙር በዙር ጎን ለጎን ሲተኛ ማየት ደስ ይላታል። አንድ ቀን በዚያን ጊዜ ዋናው ጠቅላይ የነበረውን ሰው ደፍራ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ግን እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ሁለት ጥቅል ሽቦ ነው» አላት። «አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ። ወረቀትና ዘይት ስለሚለያቸው እርስ በርስ አይነካኩም። በመሀላቸው የሚያልፈው ያ የምታዪው ተነባባሪ ብረት ነው የሚያገናኛቸው። ውጭኛው ውስጥ መብራት ሲገባ ብረቱ ማግኔት ይሆናል። ያውም ዝም ብሎ አይደለም፣ በሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ እየተመላለሰ። ያ ምልልስ ነው ውስጠኛው ጥቅል ላይ ሌላ መብራት የሚቀሰቅሰው።»

«ሳይነካካ?»

«ሳይነካካ።»

«ታዲያ ምን ያህል መስጠት እንዳለበት በምን ያውቃል?»

«በዙሩ ብዛት ነዋ። ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዙር ላይ ዐሥራ አምስት ሺህ ቮልት ስታስገቢ፣ ሠላሳ አራት ዙሩ ላይ ለአምፖልሽ የሚሆነው ይወጣል። ዙሩ ከተሳሳተ የሚወጣውም ይሳሳታል። ሌላ ምሥጢር የለውም።»

ሌላ ምሥጢር የለውም! ይቺ ቃል ልቧ ውስጥ ገብታ ቀረች። ለካ ያ ሁሉ ጉድ፣ ያ ሁሉ «አደገኛ ነው፣ እንዳትነኪ» የሚባልለት ነገር፣ ቆጠራ ነው! ቆጠራ ከሆነማ እኔስ ምን አነሰኝ አለች። ከመቶ በላይ አለማወቋ ትዝ ሲላት እንኳ ወደኋላ አላለችም፤ ሰውየው ጥቅለላ እንዲያስተምራት ለመነችው፣ ጠቅላይም ሆነች። ልብስ ሰፊው ባሏ ከቁርጥራጭ ነጭ ጨርቅ ጣት የሚያህሉ ክሮች ቆራርጦ ሰጣት። ከጠረጴዛዋ ፊት ምስማር መታች። መቶ በሞላ ቁጥር አንድ ክር ታስርና እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ሃያ ሁለት ክር ሲሞላ ጥቅሉ አለቀ ማለት ነው። ሲሳለቁባት የነበሩት ጠቅላዮች ዓመት ሳይሞላ ከባሏ ክር መለመን ጀመሩ። ምክንያቱም እናንተው ሞክሩት፤ «ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ሦስት» ብላችሁ እስክትጨርሱ ሁለት ዙር ያልፋችኋል።

ከክሩ ጋር አንድ ሕግም ወጣ፣ ግድግዳው ላይም በከሰል ተጻፈ። የሚቆጥር ሰው ሰላም አይባልም። ጉዳይ ያለው እጁን አንሥቶ ይቆማል፣ ክሩ ሲታሰር ይናገራል። ትልቁ አለቃም ይሁን። ልጇ ፈተና ማለፏን ሊያበሥር እየሮጠ የመጣው ባሏ ራሱ፣ ከሰባ ሁለት እስከ መቶ በር ላይ ተገትሮ ጠብቋል። «እቤትም እንዲሁ ናት» ይላል እሱ። «ማንኪያ ትቆጥራለች፣ ደረጃ ትቆጥራለች። የኔን ጥፋትማ ክር ጨርሳበታለች።»

ሠላሳ ዓመት እንዲህ አለፈ። ያስተማራት ሰውዬ ዓይኑ ሲደክም ወደ ፍተሻ ክፍል ተዛወረና ወንበሩን ለሷ ለቀቀላት። ለጡረታ ዐሥር ዓመት ያህል ሲቀራት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሥራ ወዳድ፣ ትሑት፣ ሰው አክባሪ ወጣት ነው። ጣጣው የመጣውም ከዚያው ከአክብሮቱ ነው። በመጣ በወሩ በቀይ ቁጥር ዙር የሚቆጥር አዲስ መጠቅለያ ማሽን አስገባ። «ከእንግዲህ በአፍ መቁጠርም ክርም አያስፈልግም» አለ። እትዬ መቶ ማሽኑን ወደደችው። ፔዳሉ ለስላሳ ነው፣ ለወገቧም ተስማማት። ክሯን ግን አልተወችም።

ያን ሰሞን የአንድ ሆስፒታል ትራንስፎርመር ተቃጥሎ፣ ሆስፒታሉ በጄኔሬተር እየተንገታገተ ነበር። ለአዲሱ ሦስት ጥቅል ያስፈልጋል። ሦስቱም እንደ መንታ እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከተለየ የሚያወጡት መብራት ይበላለጣል። ሁለቱ ተጠናቀዋል። ብረቱ ተነባብሯል፣ ማድረቂያው ምድጃ ሞቋል፣ ዘይቱም ተጣርቶ ይጠብቃል። የቀረው ሦስተኛው ጥቅል ነው፣ እሱም በእትዬ መቶ እጅ ላይ ነበር።

ጠዋት ዐሥራ ስድስት ክር አስራ፣ የቀጣዩን መቶ ቆጠራ ደግሞ ስልሳ ሦስት ላይ አድርሳዋለች። ሥራ አስኪያጁ እንደ ልማዱ እያንዳንዱን ሠራተኛ በየተራ እየጨበጠ ገባ።

«እትዬ፣ እንዴት አደሩ?»

የልጅ አዋቂ በአክብሮት ሲጠራ ዝም ይባላል? ፔዳሉን ለቀቀችና «አቤት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። እሱም ፈገግ ብሎ አለፈ፣ እሷም ቀጠለች።

ረፋዱ ላይ ደግሞ አንድ ዙር በሌላው ላይ ተደርቦ አገኘችው። የተደረበ ሽቦ ወረቀቱን በልቶ አንድ ቀን ያቃጥላል። ማሽኑን ወደኋላ አዙራ ዘጠኝ ዙር ፈታች፣ ሽቦውን አስተካከለች፣ ዘጠኙን መልሳ ጠቀለለች። ሃያ ሁለተኛውን ክር አስራ እጇን ስታራግፍ ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ቀዩን ቁጥር አየ። ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት ይላል።

«እትዬ፣ ዐሥራ ሰባት ዙር አልፈዋል እኮ። ይፍቱት።»

«አላለፍኩም። ዘጠኝ ዙር ወደኋላ መልሼ ነበር። ማሽኑ ወደኋላ ስሄድም ወደፊት ስሄድም ይደምራል።»

«ይሄ ማሽን አይሳሳትም። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።»

«አይሳሳትም፣ ግን ፊትና ኋላውን አያውቅም። ይሄንንስ ወረቀቱ ላይ ጽፈውታል?»

ሁለት ሦስት ሠራተኞች ሳቅ አፈናቸው። የወጣቱ ፊት ቀላ። «ሆስፒታሉ እየጠበቀ ነው፣ እባክዎን ለክርክር ጊዜ የለንም። እርስዎ ካልፈቱት ሌላ ሰው ይፈታዋል።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? እትዬ መቶ ተነሥታ ሁለት እጇን ጥቅሉ ላይ አሳረፈች። «ይሄን ጥቅል ማንም አይፈታውም! መጀመሪያ ይፈተሽ። ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ አንዲት ዙር ብትተርፍ ወይ ብትጎድል፣ ጋውኔን እዚህ ሰቅዬ እወጣለሁ። ሁለተኛም አልመለስ!»

ልጇ ገና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ባሏ የተሰፋ ልብስ ገበያውን ከሞላው ወዲህ ልብስ ለማጥበብና ለማሳጠር ብቻ የተቀመጠ ሆኗል። ቤቱ የቆመው በዚህች ወንበር ላይ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እሷም ታውቃለች፣ ግን ቃሉ ወጣ።

ሽማግሌው ፈታሽ ተጠራ። ፍተሻ ክፍል ውስጥ መመዘኛ ብረት አለ፤ ብረቱ ላይ ዙሩ ያላንዳች ጥርጥር ሁለት ሺህ ሁለት መቶ የሆነ አሮጌ ጥቅል ተቀምጧል። አዲሱን ከጎኑ ያስገቡና የሁለቱን ጉልበት ያጋጥሙታል። እኩል ከሆኑ ይሰራረዛሉ፣ መርፌው ከዜሮ ንቅንቅ አይልም። ከተበላለጡ በየዙሩ አንድ ምልክት ይሄዳል። ወደ ቀኝ ትርፍ፣ ወደ ግራ ጉድለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ዐሥራ ሰባት ምልክት ወደ ቀኝ ይጠብቃል። እትዬ መቶ ዜሮ ትጠብቃለች። ሽማግሌው ማብሪያውን ጫነ። ብረቱ እምም አለ። መርፌዋ ተንቀጠቀጠችና አንዲት ምልክት ወደ ግራ ሄዳ ቆመች።

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ወደ እትዬ መቶ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «እህቴ፣ ደንቡ እኮ እስከ ዐሥራ አንድ ዙር ይፈቅዳል። ልክ ነው ብል ዋሸህ የሚለኝ የለም።»

ሠላሳ ዓመት! በዚህ ሁሉ ሰው ፊት! ማልቀስ አማራት እንጂ አላለቀሰችም።

«እኔ ስለ ደንብ አላወራሁም ጋሼ። አንዲት ዙር ነው ያልኩት። ጮክ ብለህ ንገረው።»

«አንድ ዙር ጎድሏል» አለ ሽማግሌው፣ ድምፁ ተሰባብሮ።

ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ሃያ ሁለተኛውን ክር ከምስማሩ ፈታችው፣ መቶ ያልሞላ መቶ አይታሰርምና። ጋውኗን አወለቀች፣ ሰቀለችው፣ ቦርሳዋን አነሣች። አንዳንዱ «ተይ እንጂ እትዬ» ይላል፣ አንዳንዱ መሬት ያያል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ያሉት አባቶች ይህን ሥቃይ አይተውት ይሆን?

ሥራ አስኪያጁ እሷን አላየም። ማሽኑ ጋ ሄዶ በባዶው ወደኋላ አንድ ዙር አዞረ። ቀዩ ቁጥር በአንድ ጨመረ። እንደገና ወደኋላ አዞረ። አሁንም ጨመረ። እስክሪብቶ አውጥቶ መዳፉ ላይ ጻፈ፤ ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት ላይ፣ ዘጠኝ ወደኋላ ዘጠኝ ወደፊት፣ ዐሥራ ስምንት ሲነሣ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ዘጠኝ። መርፌዋ ያለችው ይህንኑ ነው። ቀና ሲል ግድግዳው ላይ በከሰል የተጻፈው አሮጌ ጽሑፍ ዓይኑ ላይ ወደቀ። የሚቆጥር ሰው ሰላም አይባልም። በመጣ ቀን አይቶት ቀልድ መስሎት ነበር።

በሩ ላይ ደረሰባት።

«እትዬ!»

እጇን ብቻ ወደ ላይ አነሣች፣ ዝም በል እንደማለት።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ጠዋት ሰላም ስልዎት ስንት ላይ ነበሩ?»

«ስልሳ ሦስት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አቤት አልኩ። ከዚያ ስልሳ አም...» አፏ ተከፍቶ ቀረ። ስልሳ አራት የለም። ስልሳ አራት የሚባለው ቦታ ላይ የተቀመጠው ያ «አቤት» ነው። ፔዳሉ ሳይረገጥ ምላሷ አንድ ቁጥር ሄዳለች።

«ዙሯን ያጎደልኳት እኔ ነኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ስለ ማሽኑም ልክ ነበሩ። ትርፍ ነው ብዬ ዐሥራ ሰባት ዙር ላስፈታ ነበር። ጋውን የሚሰቀል ከሆነ የኔ ነው መሰቀል ያለበት።» አለና እውነትም ጋውኑን አውልቆ ከሷ ጎን ሰቀለው።

«እሰይ!» አለ ሽማግሌው ከወዲያ። «ሁለታችሁም ሂዱልኝ። እኔ በዚህ ዓይኔ ልጠቅልለውና ሆስፒታሉን እግዚአብሔር ይሁነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ መቶ አልሳቀችም። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ቃሌን አላጥፍም» አለች። «ጋውኑ የተሰቀለው ለጎደለችው ዙር ነው። እሷ ገብታ መርፌው ዜሮ ካለ አወርደዋለሁ፣ ካላለ እዚያው ይቀራል። ጥቅሉን አምጡልኝ።»

ደግነቱ የሽቦውን ጫፍ ሁልጊዜ ሦስት ክንድ አስረዝማ ነው የምትቆርጠው። ጥቅሉ ማሽኑ ላይ ተመለሰ። በቤት ቀሚሷ ተቀምጣ፣ ፔዳሉን ትታ፣ በእጇ እየገፋች አንዲት ዙር አስተኛች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንደሷ የረዘመ ዙር ጠቅልላ አታውቅም። ሽማግሌው ማብሪያውን ሲጫን ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ብረቱ እምም አለ። መርፌዋ ዜሮ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እትዬ መቶ ዞሮ «እት...» ብሎ ጀመረና ምስማሩን አየ። ሃያ ሁለተኛው ክር ገና በጣቶቿ መሀል ነው። አፉን ዘጋ፣ እጁን አነሣ፣ ቆመ። እሷም አልቸኮለችም። ክሩን ቀስ ብላ አሰረች፣ ጠበቅ አደረገችው፣ ጋውኗን አውርዳ ለበሰች፣ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ቆለፈች።

ከዚያ ወደሱ ዞረች።

«አቤት፣ ልጄ?»