አሮጌው ሌንስ የገጠመበት ቀን

በዳንግላ ፎቶ አንሺ የነበሩት አጎቴ «አይሆንም» ከማለታቸው በፊት ሞረዳቸውን ያነሱ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት ወጣት የታመሙ እናቷን ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ በበቅሎ አመጣች። አጎቴ ከአስመራ ያስመጡት አዲሱ ካሜራ ሌንሱ ተሰብሮ ነበር፤ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ የነበራቸው አሮጌ ሌንስ ደግሞ አልገጥም አለ።

«ሌላ ቀን እንምጣ?» አለች ልጅቱ።

«እናትሽ የመጡት ዛሬ ነው» አሏትና ከነሐስ ቧንቧ ቁራጭ ማያያዣ ቀለበት ይሞርዱ ጀመር። ሲሞክሩት ምስሉ ደበዘዘ፤ ፈትተው እንደገና ሞረዱ። በመጨረሻ ሌንሱን በእጃቸው ቀስ አድርገው ሲያዞሩት የእናትየዋ ፊት ጥርት አለ።

«አሁን ወደ እኔ ይዩ፣ እማማ» አሉ።

እናትየዋ ለፋሲካ አልደረሱም፤ ፎቶው ግን ለልጃቸው ቀረላት።

አጎቴ ካረፉ ወዲህ ዘመድ ሁሉ «ሱቁ ይሸጥ» ይላል። እኔ ግን ዛሬ ከፍቼዋለሁ። ወንበራቸው ላይ መቀመጥ ስላልሆነልኝ ቆሜ እሠራለሁ።