ከድንጋዩ ላይ የሚታየው

የእህቴ ልጅ አንገቴ ላይ ያጠለቀችልኝ የሩቅ ማያ መነጽር ማንገቻው ቆዳ ነው፤ የማለዳው ጤዛ ሲነካው አሮጌ ኮርቻ አሮጌ ኮርቻ ሸተተኝና፣ ዳንግላ ወንዝ ዳር ከወጣቶች መሐል እንደቆምኩ ማንገቻውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ልጆቹ የወንዙን ዳር አጥረው መናፈሻ አድርገውታል፤ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ተሰብስበው ወፍ እያዩ በእግር ይሄዳሉ፤ ያዩትንም በስልካቸው ይመዘግባሉ። እንደ እኔ ያለች ጡረታዋ ሁለት ዓመት የቀራት የቢሮ ሠራተኛ ከእንጅባራ በሌሊት ሚኒባስ ተሳፍራ ለዚህ መምጣቷ ለራሴም ገርሞኛል፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶች ስለ ወፍ ያነሡት ነገር የለም። ልጅቱ ግን «አክስቴ፣ ያደጉበትን ወንዝ አያዩም?» ብላ ለመነችኝ። ወንዙን ከአርባ ዓመት በላይ ስሸሸው እንደኖርኩ አልነገርኳትም።

ያ ሽታ የመምህር አንለይ ሽታ ነው።

መምህር አንለይ የአምስተኛ ክፍል የሳይንስ አስተማሪያችን ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ባርኔጣ የማይለያቸው። ከየት እንዳመጡት የማናውቀው አንድ የሩቅ ማያ ነበራቸው፤ ማስተካከያው ዝጎ አይዞርም፤ ቢሆንም እንደ ታቦት ነበር የምንፈራው። መስከረም ጠብቶ ጭቃው ጠጠር ሲል በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት እኛን ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ማየቱ በየተራ ነው፤ ተረኛው ዓይኑ ላይ ሲያደርገው የቀረነው በአንድ ድምፅ እስከ ዐሥር እንቆጥራለን፤ የምንጠላው ልጅ ከሆነ ግን ከሦስት ወደ ሰባት እንዘላለን። ከገጠር እየተመላለሱ የሚማሩት ልጆች የወፉን ስም በአገውኛ ሲነግሯቸው መምህር አንለይ ከአማርኛው ጎን አድርገው በጥንቃቄ ይጽፉታል፤ የከተማ ልጆች ነን ባዮቹ በዚያች ሰዓት አፋችንን ይዘን እንቆማለን።

ሕጋቸው አንድ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ ያየው ወፍ ደብተር ላይ አይወጣም። «ሁለት ዓይን ይሳሳታል፤ አራት ዓይን አምጡ» ይሉ ነበር። አራት ዓይን ያየው ወፍ ከነተመልካቾቹ ስም ይጻፋል፤ ስሙ ያልተጻፈለት ልጅ ደግሞ ከእኔ በቀር አልነበረም። ሩቅ ማየት አልችልም ነበር። ያኔ ይህ ሕመም መሆኑን ማን ያውቃል፤ ዓለም ከዐሥር እርምጃ በኋላ ለሁሉም ሰው ጭጋግ የምትሆን ይመስለኝ ነበር። የጠረጠሩት መምህር አንለይ ብቻ ናቸው፤ ከኋላ ወንበር አንሥተው ከሰሌዳው ፊት ያስቀመጡኝ እሳቸው ነበሩ።

አንድ የጥቅምት ዓርብ ተራዬ ደረሰ። ልጆቹ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሰባት» ሲሉ ሰማሁና፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ሶሪት! ሶሪት አየሁ፣ ሾላው ላይ!» ብዬ ጮኽኩ። ሶሪት አረንጓዴ ወፍ ናት፤ ክንፏን ስትዘረጋ ግን ውስጡ ቀይ ነው። ከወንዙ ከጠፋች ዓመታት እንዳለፉ፣ መምህራችንም እሷን አንድ ቀን ለማየት እንደሚመኙ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ልጅ «ውሸታም!» አለ፤ ሳቁ ተከተለ።

«ሌላ ማን አየ?» አሉ መምህር አንለይ።

እንባዬ ሲመጣ አዩኝ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው ደፉት፣ ከዚያም «እኔ አይቻለሁ» አሉና ደብተራቸውን አውጥተው ስሜን ከስማቸው ጎን ጻፉ። እጃቸው ከመጻፉ በፊት ትንሽ ቆም ብሎ ነበር። ስንመለስ የሩቅ ማያውን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ፤ ያ የኮርቻ ሽታ የገባብኝ ያን ጊዜ ነው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሌሎቹን አሳለፉና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከወንዙ አልጠፋም» አሉኝ።

እውነትም አልጠፉም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከወንዙ ዳር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ባርኔጣቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ። ከተማው «ቲቸር ሶሪት እየጠበቀ ነው» ብሎ ተሳለቀ፤ ሻይ ቤት ሲገቡ «ዛሬስ መጣች?» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነውና ከእናቴ ጋር ድንች ተሸክመን ገበያ ስንሄድ መንገዳችን በድልድዩ ላይ ነው። ገና ድልድዩን ሳንረግጥ ቀድመው አይተውን ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፤ እናቴ ለእኔ ነግራኝ ጎንበስ ብላ ትመልሳለች፤ እኔ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ሸፍኜ አልፋለሁ። በሌለች ወፍ እኚህን ሰው ብርድ ላይ አስቀመጥኳቸው እያልኩ፣ ወርጄ ልንገራቸው እያልኩ፣ ለሚመጣው ቅዳሜ ይሁን እያልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው እያደር ከበደ።

እንጅባራ ሥራ ያዝኩ። በሃያ ሦስት ዓመቴ የዓይን መነጽር ተደርጎልኝ፣ ቅጠል የሚባለው ነገር አንድ በአንድ ተለይቶ እንደሚታይ ሳውቅ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እናቴን ልጠይቅ ስመጣ መምህር አንለይ ጡረታ ወጥተው፣ ጎብጠው፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ነበሩ፤ ሚኒባሱ ድልድዩን እስኪሻገር አቀርቅሬ ጫማዬን እመለከታለሁ። ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ለቅሶ ደርሼ ልጃቸውን «ነፍስ ይማር» ብያት ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ባርኔጣ የደፋ ረጅም ሰው በሩቁ ባየሁ ቁጥር፣ ቀድሞ ያየኝ ይመስለኛል።

ዛሬ ወጣቶቹ ሽቅብ ሲቀጥሉ ደከመኝ ብዬ ቀረሁ። ሾላው አለ። በዙሪያው የነበረው ዋንዛ ሁሉ ተቆርጦ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚሉት የፈረንጅ ዛፍ ተተክሎበታል። ድንጋዩም አለ፤ ፈራ ተባ እያልኩ ሄጄ፣ እሳቸው እንደሚቀመጡት፣ ጀርባዬን ከኋላው ለቆመው ትልቅ አለት ሰጥቼ ተቀመጥኩበት። ከዚያም ቀና ብዬ ሾላውን ፈለግሁ።

አይታይም። አለቱ ሙሉ በሙሉ ይከልለዋል። ዞርኩ፣ ተነሣሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ቦታ ላይ ሆኖ የሾላውን አንዲት ቅርንጫፍ ማየት አይቻልም፤ አለት ደግሞ ትናንት አይበቅልም። ከድንጋዩ ላይ የሚታየው ድልድዩና በእሱ ላይ የሚያልፈው መንገድ ብቻ ነው።

ሶሪትን አልነበረም የሚጠብቁት። እኔን ነው። ከሰሌዳው ፊት ያስቀመጡኝ ሰው እንዳላየሁ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር፤ በልጆች ፊት እንዳላፍር ውሸቴን ተሸከሙልኝ፣ ከዚያ ማንም በሌለበት መጥቼ እንድናገር ቦታውንም ቀኑንም ነገሩኝ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ቀድመው የሚያዩን። እኔ ግን ነጠላ ተከናንቤ በፊታቸው አለፍኩ፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ።

የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ ተመለሰች። «አክስቴ፣ የየራሳችንን እየመዘገብን ነው። ያዩት ወፍ አለ?»

«የለም» አልኳት። «አላየሁም። ምንም አላየሁም።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ደንገጥ ብላ አየችኝ። «ችግር የለውም» አለች፣ «አንዳንድ ቀን እንዲህ ነው።» እጄን ይዛ አስነሣችኝ።

ከድንጋዩ እስከ ድልድዩ ስልሳ ሁለት እርምጃ ነው። ስንመለስ ቆጠርኩት።