መሸሽ የማይፈቅደው ጨዋታ

ፍረወይኒ ኣምባዬ ቡልጋሪያ የኮምፒውተር ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ፣ ልደታ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተመደበች። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ኮምፒውተሮች አንዱ ላይ፣ ወደ አገሩ የሄደ የውጭ ባለሙያ የተወው ጨዋታ ነበር። ሥዕል የሚባል የለውም፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚሄደው። ለተዋጊህ ስም ታወጣለታለህ፣ ጉልበትና መሣሪያ ይሰጥሃል፣ ዋሻ ትገባለህ።

ፍረወይኒ በምሳ ሰዓት ከባልደረባዋ ከፈቃደ ጋር ትጫወተው ጀመር። መንገድ መፈለጉን፣ በር የሚጠብቀውን ሽማግሌ አግባብቶ ማለፉን ወደደችው። ውጊያው ግን ደሟን ያፈላው ነበር። ጠላት ከመጣ ያለህ ምርጫ መምታት ብቻ ነው። እሱ ይመታል፣ አንተ ትመታለህ፤ ማን እንደሚስት ማሽኑ በሆዱ ዕጣ ይጥላል። እስከዚያ የለፋህበት ብልሃት ሁሉ ውኃ በላው። አንዳችሁ እስክትሞቱ መውጫ የለም።

«ይሄ ውጊያ አይደለም፣ ቄራ ነው» አለች አንድ ቀን።

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ፍሬ» አላት ፈቃደ እየሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ታናሽ ወንድሟን ተስፋይን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ላይ አፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱት ወዲህ፣ ሰሜን ግንባር ከመሆኑ በቀር ወሬው ጠፍቷል። እናታቸው ወይዘሮ ኣክበረት ሬዲዮ ዜና ሲጀምር ከቤት ይወጣሉ።

ፍረወይኒ ፕሮግራሙን ከፍታ መረመረችው። ጠላት ሁልጊዜ ቀድሞ እንዲመታ ተደርጎ ነበር የተጻፈው። በየምሳ ሰዓቱ ቁጭ ብላ አስተካከለችው፤ ቦታውን የሚያውቅ ቀድሞ እንዲመታ፣ የቆሰለ ሸክሙን ጥሎ መሸሽ እንዲችል። ሥራዋን ስትሞክር፣ ብዙም ሳታስብ ለተዋጊው የወንድሟን ስም ሰጠችው።

«ተስፋይ ከውጊያው አመለጠ» የሚለው እንግሊዝኛ ስክሪኑ ላይ እንደወጣ ፈቃደ ብድግ አለ። የመሥሪያ ቤቱ የፓርቲ ተጠሪ ጓድ ገረሱ ከኋላዋ ቆሟል።

«ተስፋይ ማነው?»

የሌላ ሰው ስም ልትጠራ አሰበች፤ ግን ሰውየው የቤተሰቧን ታሪክ ጠንቅቆ ያውቃል። «ወንድሜ ነው፣ ጓድ ገረሱ።»

«የት ነው ያለው?»

«ግዳጅ ላይ።»

«እና አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ ታስኮበልይዋለሽ።»

ፈቃደ ግድግዳውን ያያል። በዚያው ዓመት፣ በ1981 ዓ.ም. የካቲት፣ መቀሌ ከመንግሥት እጅ ከወጣች ወዲህ፣ የትግርኛ ስሟን ሲጠሩ ድምፃቸው የሚለወጥ ሰዎች ነበሩ።

«የጨዋታው ውጊያ የማይረባ ስለሆነ እያስተካከልኩት ነው» አለች። «ማፈግፈግ አይፈቅድም። ማንኛውም አዛዥ ሲቸግረው ያፈገፍጋል። እርስዎ ያውቁታል።»

ገረሱ ኦጋዴን ላይ የቆሰለ ወታደር ነበር፤ ግራ ክንዱ አይታጠፍም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አሳዪኝ።»

የተዋጊውን ስም ሳትለውጥ ጨዋታውን ከመጀመሪያው አስነሳችለት። በአንድ ጣቱ መታ፤ ተዋጊው ሞተ። እንደገና ጀመረ፤ ዳግመኛ መታ፤ ሞተ። ግንባሩ ላይ ላብ አቸፈቸፈ። በሚቀጥለው ዙር ተዋጊው ሊወድቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ጣቱ ከኪቦርዱ በላይ ተንጠልጥላ ቆየች። ከዚያ የመሸሻውን ቁልፍ ነካ። ተስፋይ ማምለጡን የሚናገረው ጽሑፍ ወጣ። ገረሱ አንብቦ ከጨረሰ በኋላም ዓይኑን አላነሳም።

«ጨዋታውን አጥፊው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን፣ እኔ እያየሁ። ነገ ሌላ ሰው ቢያገኘው አላስጥልሽም።»

አጠፋችው። ቅጂ አልነበራትም። ገረሱ ወጣ። «ይቅርታ፣ ምንም ማለት አቃተኝ» አላት ፈቃደ። እሷ ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

ለሳምንታት በር በተከፈተ ቁጥር የተጠራች እየመሰላት ትደነግጥ ነበር። የጠራት የለም። ገረሱም ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ከዚያ በኋላ ሰላም ብሏት አያውቅም።

ተስፋይ ግንባሩ ሲፈርስ በሱዳን በኩል ዞሮ በ1983 ክረምት ቤቱ ገባ። ከስቷል፤ ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚተኛው። ጎረቤቶች ሊጠይቁት መጥተው ከውጊያው እንዴት እንዳመለጠ ሲያደርቁት፣ ፍረወይኒ ወሬውን ወደ ሌላ ትመልሰዋለች። እሷ ራሷ አንድም ቀን አልጠየቀችውም።