የሀብታሙ ገጽ

ሶዶ ውስጥ ትርፌን ጨካኝ የሚሏት አሉ። ይበሉ። በአንድ አጸደ ሕፃናት እሷ ልጆች ስትይዝ እኔ ብርቄ ገንፎ ሳገነፋ ሃያ ዓመት አብረን ኖረናል፤ ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም።

ትርፌ አንድ ወፍራም ደብተር ነበራት። አፉን የሚፈታ ሕፃን ሲሳሳት ትጽፈዋለች። ብሩክታይት የሰባኪውን መላጣ አይታ «ጉልበቱ ራሱ ላይ ወጣ» ያለችው አለ። ማቲ ጫማን «የእግር ኮፍያ» ያለውም አለ። ልጆቹ አድገው ሲዳሩ መልሱ ላይ ትርፌ ትጠራለች፤ ገጻቸው ይነበባል፣ ሰው በሳቅ ይፈርሳል፣ ከዚያ ገጹ ተቀዶ ይሰጣቸዋል።

የሀብታሙ ገጽ ግን ይለያል። እናቱ በወሊድ ሞታለች። አባቱ ወደ አረካ ከተማ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ በ1985 ጠዋት ጠዋት ልጁን ለትርፌ ሲያስረክብ «አረካ ልሄድ ነው» ይላል። ልጁ አረካ የአባቱ ስም መሰለው። ማታ በሩ ሲከፈት «አረካ መጣ» እያለ ይሮጣል። በዚያው ክረምት አባትየው ሞተ፤ ልጁን አጎቱ ወሰደው።

በ2006 ትርፌ ለአንድ የመንግሥት አጸደ ሕፃናት ቋሚ ሞግዚትነት ተወዳደረች። ጡረታ ያለው ሥራ ነበር። ከፈታኞቹ አንዱ ሀብታሙ ነው፣ ከረባት አስሮ። እሷ በወላይትኛ ያደገች ናትና «ወንዱ ልጅ ስታለቅስ አቅፋለሁ» አለች። ሀብታሙ አነጋገሯን አስመስሎ ደገመው፤ ፈታኞቹ ሳቁ። «ማመልከቻሽ ይታያል፣ ውጤቱ ይለጠፋል» አላት፤ ያዘለችውን ሴትዮ አንቺ ብሎ። ስሟ አልተለጠፈም። ትርፌ በማግስቱ ልጆቿን ልትይዝ ተመለሰች። እኔ ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ እንደማይረሳ አውቃለሁ።

በ2008 ሀብታሙ ሊያገባ ሲል ጋቢ ይዞ ቤቷ መጣ። የአባቱ ፎቶ እንኳ የለውም፤ ከአባቱ ጋር ሲያወራ የሰማች እሷ ብቻ መሰለችው። ገጹን እንድታነብለት ለመናት። ጋቢውን ተቀበለች።

መልሱ ላይ ደብተሩን ይዛ ተነሳች። ሰው ለሳቅ ተዘጋጀ። ቀስ ብላ ገለጠችና ዘጋችው።

«የዚህ ልጅ ገጽ ባዶ ነው። ሲናገር ተሳስቶ አያውቅም።»

ያን ቀን ከሳቁት ፈታኞች ሁለቱ እዚያው ነበሩ፤ አንገታቸውን ደፉ። የኔ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ሀብታሙ ሙሽሪትን ትቶ ደጅ ድረስ ተከተላት። «እማማ ትርፌ፣ ይቅር ይበሉኝ። አባቴ ያለው እዚያ ገጽ ላይ ብቻ ነው» አላት። አሁን አንቱ ሆነች።

ደብተሩን ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠች። «ማመልከቻ አስገባ» አለችው። «ውጤቱ ይለጠፋል።»

እውነትም ጽፎ አመጣ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ፣ በእጁ። ትርፌ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፤ «አማርኛው ጥሩ ነው» አለችኝና አጥፋ ደብተሩ ውስጥ ከተተችው። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። በየእሑዱ ከቤተክርስቲያን ሲመለስ በሯን አይቶ ያልፋል። አባቱን ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር እኔም አውቃለሁ። አልነግረውም።