ሰላምታዬን ያስቆረጡኝ ሰዎች

ሸዋ ሮቢት ላይ ሥራዬ ምን እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም። ጤና ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሆኜ፣ በየጤና ኬላው ላሉ ባለሙያዎች በስልካቸው የሚከታተሉት ትምህርት አዘጋጃለሁ። እናቴ ለጎረቤት «ኮምፒውተር ላይ ብቻዋን ታወራለች» ትላለች። የባጃጅ ደንበኛዬማ ስልክ ጠጋኝ መስዬው ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ አምጥቶልኛል።

አንድ ክረምት የወባ መድኃኒት አሰጣጡ ተቀየረና ስለሱ ትምህርት አዘጋጀሁ። እኛ ቆላ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ቀልድ አታውቅም። ባለሙያዎቹ ይከፍቱታል፤ የሚጨርሰው ግን ጠፋ። ኃላፊዬ ቁርጡን ነገረኝ፦ እስከ መስቀል ካልጨረሱት ሁሉም እንደ ድሮው አዳራሽ ተጠርቶ ይሰለጥናል፣ እኔም ወደ ድሮ ሥራዬ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል እመለሳለሁ። የዚያን ክፍል ሙቀት የማያውቅ ሰው «ታዲያ ምን አለበት?» ይል ይሆናል። እኔ አውቀዋለሁ፤ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

እንደኔ ለሠራተኞች በኢንተርኔት ትምህርት የሚያዘጋጁ ሰዎች ግሩፕ እንዳላቸው የሰማሁት በዚያው ሰሞን ነው። ገባሁና የካርድ ክፍሉን ጣጣ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ልማድ አላቸው፤ አዲስ ገቢ ሥራውን ያቀርባል፣ ሌሎቹ እንደ ተማሪ ከፍተው ይከታተሉታል፣ ከዚያ የሰለቻቸው የት ላይ እንደሆነ ያለ ይሉኝታ ይጽፋሉ። ያለ ይሉኝታ! እዚሁ ይፋት ላይ ላደገ ሰው ይህ ልማድ ሳይሆን ጠብ ነው።

ሁሉም የቆሙት አንድ ቦታ ላይ ሆኖ ተገኘ፤ ትምህርቱን በከፈትኩበት ሰላምታዬ ላይ። አዲስ አበባ የባንክ ሠራተኞችን የሚያሰለጥን አንድ ሰውዬ ደግሞ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«እህቴ፣ ከብቶቼ ደህና መሆናቸውን ጠየቅሽኝ። ከብት የለኝም። ወባዋ ግን መቼ ነው የምትመጣው?»

ደሜ ፈላ። አዎ፣ በድምፄ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ማሽላውና ስለ ማሾው ጠይቄያለሁ፤ ለሙስሊሞቹም አሰላሙ አለይኩም ብዬ እንደገና ከልጆቹ ጀምሬያለሁ። ሰው ቤት ተገብቶ ገና ከበሩ ወባ ወባ ይባላል እንዴ? ከግሩፑ ልወጣ እጄ ደርሶ ነበር። የካርድ ክፍሉ ትዝ ሲለኝ ግን ሰላምታውን ከሥሩ ቆርጬ ጣልኩት። ግሩፑም አሁን ገና ትምህርት ሆነ ብሎ አመሰገነኝ።

ብዙም ሳይቆይ ጀውሃ አካባቢ ባለ ጤና ኬላ የሚሠሩ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ አንዲት እትዬ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ቀዝቅዟል።

«ልጄ፣ ምን አጠፋን?»

ምንም አላጠፋችሁም አልኳቸው።

«ታዲያ ሰላምታሽን ምነው ከለከልሽን?»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለካ ምሳ ሰዓት ላይ ተሰብስበው ስልኩን መሃል ያስቀምጡና ሰላምታዬን ይሰሙ ኖሯል። አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ሌላው «አልሐምዱሊላህ» እያለ ይመልስልኛል። ከብቱም ማሽላውም አንድ በአንድ መልስ ካገኘ በኋላ በሽተኛ ይመጣል፣ ስልኩም ይዘጋል። እነ እትዬን ሰላምታዬ አጥግቧቸው ወባዋ ሳትደርስ ነበር የሚነሱት። አሁን ደግሞ ጭራሽ ተኳርፈን የሚከፍተውም ጠፋ።

እየተናደድኩም እየሳቅኩም ቁጭ ብዬ ሠራሁት። መጀመሪያ ላይ «እንዴት ከረማችሁ? የቤቱን ሁሉ መጨረሻ ላይ እጠይቃችኋለሁ፤ መጀመሪያ ወባዋን እንጨርስ» አልኩ። ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ማሽላውንና ማሾውን ከትምህርቱ ጀርባ አሰለፍኳቸው። ቸኩሎ የሚሄድ እንግዳ እንኳ ደጅ ላይ ቆሞ ብዙ ያወራል።

መስቀል ሳይደርስ እትዬ ደወሉ። ሁሉም ጨርሰውታል፤ እሳቸውም መጨረሻ ላይ ላለው ሰላምታዬ ደህና ነው ብለው ሊመልሱ ነው የደወሉት። ከብቱ ደህና ነው፣ ማሾው አብቧል፣ ታላቂቱ ልጃቸው ወልዳለች። የሌሎቹም ኬላዎች ባለሙያዎች ስለጨረሱ ኃላፊዬ የአዳራሹን ሥልጠና ተወው።

አዲሱን ሥራ ግሩፑ ላይ አስቀመጥኩና ስድቤን እጠብቅ ጀመር። መጀመሪያ የጻፈው ያው የባንኩ ሰውዬ ነው።

«ማሾም የለኝም፤ ግን እስከ መጨረሻው ደርሻለሁ። አንቺስ እንዴት ነሽ? የካርድ ክፍሉ ነገር ምን ሆነ?»

ስለ ሥራዬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። አልተመለስኩም ብዬ ጻፍኩለት። ከዚያ ወደ ግሩፑ ሰዎች ሁሉ ዞሬ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ከተማቸው ዝናብ፣ ስለሌለው ከብት ሳይቀር ሁሉንም በየተራ ጠየቅኳቸው፤ እንግዲህ ይቻሉት።