የቆቋ አምስት እንቁላሎች

ልጅ እያለሁ፣ ስድስተኛ ክፍል ስማር፣ ከጅግጅጋ ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ አንዲት ቆቅ ነበረች። ያን ጊዜ ኮረብታው ገና ጥድና ግራር ነበረው፤ ዝናብ ሲጥል የጥዱ ሽታ እስከ ትምህርት ቤታችን አጥር ይወርድ ነበር። ቆቋን ያሳዩኝ ጎረቤታችን አዴር ዋርሳሜ ናቸው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ የሰፈር ልጆች፣ ሐበሻውም ሶማሌውም፣ እንዲያ ነበር የምንጠራቸው። "ድሮ ጠዋት ጠዋት ጫጫታቸው አያስተኛም ነበር። አሁን እቺና ወንዱ ብቻ ቀሩ። ለማንም እንዳትናገሪ" አሉኝ።

ሚያዝያ ላይ ቁጥቋጦ ሥር አምስት እንቁላል ጣለች። በዚያው ሰሞን ከሰል አክሳዩ ሒርሲ መጥረቢያውን ይዞ ወደዚያ ጥግ መጠጋት ጀመረ። ዛሬ ነገ ይረግጣቸዋል ብዬ ሐሳብ ገባኝ። እናቴ ዶሮ ታረባ ስለነበር እንቁላል ማስታቀፍ ከፊደል ቀድሜ ያወቅሁት ሙያ ነው። አዴር ግን ዶሮ አይወዱም፤ "እናንተ ሐበሾች ግመል ትታችሁ ወፍ ትጠብቃላችሁ" እያሉ ይስቁብን ነበር። ስለዚህ ሳላማክራቸው፣ ቆቋ ለመብል ስትነሳ ጠብቄ፣ እንቁላሎቹን በሻርፔ ጠቅልዬ አመጣሁና ዶሯችንን አስታቀፍኳት።

አራቱ ተፈለፈሉ። ደስታዬ ሁለት ቀን አልሞላም። ጫጩቶቹ ዶሯ ስትጠራቸው እየበረገጉ በየጥጉ ይሸጎጡ ነበር። ሁለቱን ብርድ ገደላቸው፣ አንዱን ድመት በላው፣ የመጨረሻው እጄ ላይ ሞተ። እናቴ "ምን ነካሽ ልጄ፣ እናታቸው እያለች?" አለችኝ።

አዴር ባዶውን ጎጆ ሲያዩ ሒርሲን በሰፈር ሰው ፊት ሌባ አሉት። ማለላቸው፤ አላመኑትም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፣ ግን አንዲት ቃል አልወጣኝም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች መስጊድ በር ላይ ሲገናኙ እንኳ ሰላም አይባባሉም ነበር።

ይኸው ሰባት ዓመት አለፈ። ኮረብታው ራቁቱን ቀርቷል፤ የእኛም ቤት ምድጃ የነደደው በዚያው ከሰል ነው። ቆቅ ስትጮህ ከሰማሁ ቆየሁ። ጓደኞቼ የልጅነት ነገር ሲነሳ ዓይናቸው ይበራል፣ እኔ ግን አፍራለሁ።

ባለፈው ሳምንት አዴርን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ስለደከመ በድምፄ ነው የለዩኝ። እጄን ይዘው አብራቸው ለነበረችው ልጃቸው "ቆቋን ከእኔ ጋር የጠበቀችው ይቺ ናት" አሏት። ሒርሲ ከሞተ ዓመት ሆኖታል። እጃቸውን ስሜ መንገዴን ቀጠልኩ።