ጸበል የጠገበች ቮልስ

እህቴ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ዕለት ባሏ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ረጅም ግን ነበር። ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ ያለፈችው እህቴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና በእቁብ ገንዘቤ መኪና ልገዛ ነው አለችው። ያኔ ሳቁን ዋጠው።

እኔ የምኖረው እነሱ ዘንድ ነበር፤ ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ። ታይፒስት ነበርኩ፣ ላጤ ነበርኩ፣ በሰው ትዳር ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ በደንብ ለመከታተል በቂ ጊዜ ነበረኝ። የእህቴ ባል የመምሪያ ኃላፊ ነው። ዘመኑ ደርግ ነውና በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ስለ ኋላቀር እምነት ጉዳት የሚያስተምረው እሱ ነበር። በዚህ የተነሳ ሥዕለ ማርያማችን ከሳሎን ተነሥታ መኝታ ቤት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተሰዳለች። መኪና የለውም፤ ስለ መኪና ግን የማያውቀው ነገር አልነበረም፣ ወይም እኛ እንደዚያ ይመስለን ነበር።

ቅድመ ሁኔታውን እራት ላይ ነገራት። «ግዢ፤ አልከለክልሽም። ከተታለልሽ ግን መንጃ ፈቃዱን ለእኔ ታስረክቢያለሽ፣ መሪ የሚባል ነገር ሁለተኛ አትነኪም» አላት። እሺ አለች። እሺ ስትል ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር፤ እኔ ግን ፈራሁላት። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ ግራ እግሯ ፍሪሲዮን የሚረግጥ ሴት ናት። መሪውን ብትነጠቅ ምን እንደምትሆን አውቃለሁ።

ደላላው ከአንድ ነዳጅ ማደያ ጀርባ በቆርቆሮ ባጠረው ግቢ ጥቂት መኪኖች አቁሞ የሚሸጥ ሰው ነበር። እህቴ ዓይኗ ያረፈው አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ላይ ነው። ዞረቻት፣ ወንዶች ሲያደርጉ ስላየች ጎማዋን በእግሯ መታ አደረገች። እኔም መታሁ። ምን ለማወቅ እንደምንመታ ሁለታችንም አናውቅም።

ደላላው አንድ ሰው ብቻ ነው የነዳት አለ። አንዲት ፈረንጅ መምህርት፣ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት። ሊብሬውን ሲያሳየን እውነትም የፈረንጇ ስም ብቻ ነው ያለበት። ግን ያኔ ብዙ መኪና ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ስለነበር ሊብሬ የመጀመሪያውን ባለቤት እንጂ የኋለኞቹን አይናገርም። ይህን እኛም እናውቃለን፤ እንደምናውቅ እሱም ያውቃል። ስለዚህ ወደ መሐላ ገባ። በእናቱ ማለ፣ በልጆቹ ማለ። ልጅ እንደሌለው በኋላ ሰማን።

እህቴ እንግዲያው ከመክፈሌ በፊት ጸበል ትረጭልኝ አለች። ምንም ተንኮል አላሰበችም፤ ቤትም ሆነ መኪና ሳይረጭ የማይጀመርበት ቤት ነው ያደግነው። ሰውየው ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ሰው የሚያስረጨው ከገዛ በኋላ ነው አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው አለ፤ ጉልላቱ ከቆምንበት ይታያል። ዛሬ ቅዳሜ ነው አለ። ቅዳሜ መሆኑ ምን እንደሚያግደን እሱም የገባው አይመስለኝም። እኔም እንደዚያ ሲፍጨረጨር ሳየው ደስ አለኝና ጸበል የምትሸሽ መኪና አንገዛም ብዬ ድርቅ አልኩ።

ሄድን። ወደ ጎሮ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ዳር ካለችው ደብር የአካባቢውን ቤትና መኪና ሁሉ የሚረጩት አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ጸበሉንና መስቀላቸውን ይዘው ወጡ፤ መኪናዋን ሲያዩ ቆም አሉ።

«ይቺ ደግሞ መጣች?» አሉ። «ልጄ፣ ጸበል እንደሆነ ይቺ መኪና ጠግባለች። እኔው ራሴ ሦስት ጊዜ ረጭቻታለሁ።»

ደላላው ማሰሪያ የሌለው ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ።

አባ ሐሜት አይወዱም፤ ታሪክ ግን ይወዳሉ። መጀመሪያ ይዟት የመጣው ዶሮ ነጋዴ ነበር፤ ውስጧ የሚሸተን ምን እንደሆነ ገባን። ቀጥሎ አንድ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ ለሠርጉ ገዛት፣ ሙሽራዋን ይዛ መንገድ ላይ ቆመችበት። ሦስተኛው ግን ጉደኛ ነበር አሉ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ፤ መኪናዋን ከአጥሩ ጀርባ ባሕር ዛፉ ውስጥ ደበቃት። ጸሎቱን በለሆሳስ ያድርጉልኝ፣ ሰው እንዳያየኝ ብሎ ለመናቸው። ስሙን ሊነግራቸው አልፈለገም። አባ ግን የክርስትና ስምህን ሳልይዝ ማንን ብዬ እጸልያለሁ አሉት። ቢጨንቀው ነገራቸው። በደብሩ ሌላ ሰው የማይጠራበት ብርቅ ስም ስለሆነ አልረሱትም፤ ለእኛም ነገሩን።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቱ እስከ ዛሬ ያፍርበታል። እህቴ ስትሰማው ቮልሷን ተደግፋ ቀረች። ያ የክርስትና ስም ያለው ሰው የምናውቀው አንድ ብቻ ነው፤ የውይይት ክበቡ አስተማሪ።

ባለፈው ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ አገር ቤት ላለው ወንድሙ የበሬ መግዣ ላክሁ ብሎ ነበር። ስለ በሬዎቹ ስንጠይቀው ደህና ናቸው ይለን ነበር። ኋላም አንዱ ሞተ ብሎ አዝኖ ነገረን፤ እኛም እግዜር ያጽናህ አልነው። እነዚያ በሬዎች ይህቺው ቮልስ ነበረች። ኋላ እንደሰማነው ገዝቶ፣ ለጥቂት ጊዜ ጓደኛው ግቢ ደብቆ፣ እንቢ ስትለው ለዚያው ደላላ በርካሽ መልሶ ሸጧታል።

እህቴ በመመለሻችን አለቀሰች። ገንዘቡ አይደለም አለችኝ በጆሮዬ፣ ራሱ ተታሎ ሳለ በእኔ መሳቁ ነው። እውነቷን ነው፤ እኔም ተናድጄ ነበር። ከዚያ በድንገት «በሬው ሞተ!» አለችና መሳቅ ጀመረች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ሁለታችንም ሳቅን። ደላላው ማንም ሳይጠይቀው ዋጋውን ቀነሰ። እሷም ነገ ጠዋት ቤት ድረስ አምጣት አለችው።

እሑድ ጠዋት ባሏ በነጠላ ጫማ ወደ በር ወጣ፤ ቮልሷን ሲያይ ባለበት ቀረ። ደላላው ሊስመው ጀምሮ ነገሩ ሲገባው እጁን ዘረጋለት። እንደማይተዋወቅ ሰው ተጨባበጡ። እህቴ እስቲ አንተ እያትልኝ፣ እኔ ምን አውቃለሁ አለችው። የነከሰውን ውሻ እንደሚያይ ሰው ከሩቅ ዞራት። ሁለተኛ ማርሿ አቀበት ላይ በእጅ ካልያዙት ይዘላል አለ፤ በግራ በኩል ዝናብ ታስገባለች፤ ተታለሻል፣ ተያት።

ሳትነካት እንዴት አወቅህ አለችው። ልምድ ነው አላት።

ያኔ በክርስትና ስሙ ጠራችው፤ ቀስ ብላ፣ አባ እንደጠሩት። ወደ እኔ አየ፣ ወደ ደላላው አየ። ደላላው ሰማዩን ያያል።

«የሌላ መኪና ጉድ አላውቅም፤ የዚችን አንድ ባንድ አውቃለሁ» አለችው። «አንተ ሳታውቅ ገዛሃት። እኔ ግን አውቄ ነው የምገዛት። የተታለለው ማን ነው?»

ከፍላ ቁልፉን ተቀበለችና መሪው ኋላ ተቀመጠች፤ እኔም ከኋላ ገባሁ። እሱ ትንሽ ቆሞ፣ በነጠላ ጫማው እንዳለ መጥቶ ጎኗ ተቀመጠ። ወደ ገርጂ ነዳችው። አቀበቱ ጋ ደረስን። ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባ እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ እጁን ዘርግቶ ማርሹን ጥብቅ አድርጎ ያዘላት። አናቱ ላይ እስክንወጣ አልለቀቀውም።